ከቆይታ በኋላ የጓሮ አትክልትን መፈተሽ፦ የመጠውለግን ምክንያት ከማጠጣት በፊት መለየት

የጓሮ አትክልት ያላቸው ቤተሰቦች ለበዓል ወይም ለሥራ ለሁለት ሳምንታት ያህል ርቀው በበጋ ሲመለሱ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃቸው የጠወለገ ተክል ነው። የተለመደው የመጀመሪያ እርምጃም ውሃ ማጠጣት ነው። ይሁን እንጂ መጠውለግ ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ምክንያቱ ሳይለይ ማጠጣት ጤነኛ የሆኑትን ተክሎች ጭምር ሊያስጠቃ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቲማቲምን በአብነት ወስዶ የፍተሻውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የመጀመሪያው መለያ ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ከቅጠሎች የሚተነው ውሃ ሥሮች ከሚስቡት ሊበልጥ ስለሚችል ጤነኛ ተክልም ለጊዜው ይጠወልጋል፤ ሌሊቱን ግን ያገግማል። በመሆኑም ፍተሻው ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማለዳ ሊካሄድ ይገባል።

ሁለተኛው መለያ አፈሩ ነው። ማለዳም ጠውልጎ የተገኘ ተክል ሥር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ አፈሩ ደረቅ ከሆነ፣ ዋነኛው ተጠርጣሪ የውሃ እጥረት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ ግን ችግሩ ያለው በሥሩ ወይም በውሃ አስተላላፊ ቱቦዎቹ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ የግንድ ፍተሻ ያስፈልጋል። ከሥሩ አጠገብ የተቆረጠ ግንድ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳይነቃነቅ ሲንጠለጠል፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከቁራጩ ወተት መሰል ክር የሚወርድ ከሆነ፣ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣው የአጠውልግ በሽታ ምልክት ነው። በፊውዛሪየም ፈንገስ የሚመጣው አጠውልግ ግን ይህን ፈሳሽ አያሳይም፤ አብዛኛውን ጊዜ የታችኞቹን ቅጠሎች አስቀድሞ ቢጫ ያደርጋል።

ልዩነቱ በተግባር ከፍተኛ ትርጉም አለው። ባክቴሪያው በአፈርና በውሃ አማካይነት ስለሚዛመት፣ በቦይ የሚለቀቅ ውሃ ከታመመው ተክል ወደ ጎረቤቱ ያደርሰዋል። ስለዚህ የታመመው ተክል ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ይነሣል፤ ወደ ኮምፖስት አይጨመርም፤ መቁረጫውም ይጸዳል። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ በመደቡ ላይ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ መልሶ ከመትከል ይልቅ እንደ በቆሎና ሽንኩርት ያሉ ሰብሎችን ማፈራረቅ ይመረጣል።

ምክንያቱ የውሃ እጥረት ብቻ ሆኖ ሲገኝም አጠጣጡ ጥንቃቄ ይሻል። ከድርቀት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ብዙ ውሃ ፍሬውን ያሰነጥቃል፤ በመሆኑም ውሃው ተከፋፍሎ በተከታታይ ቀናት ይሰጣል። የፍሬው ታችኛ ጫፍ ጠቁሮ ከተገኘ ደግሞ የሚያመለክተው ተላላፊ በሽታን ሳይሆን፣ በተዛባ የውሃ አቅርቦት ሳቢያ ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ መጠን አለመድረሱን ነው፤ ስለሆነም የፀረ ተባይ ርጭት አያስፈልገውም።

በአጠቃላይ ሰዓቱን፣ አፈሩንና ግንዱን በቅደም ተከተል መመርመር የሚጠይቀው አንድ ማለዳና አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ሲሆን፣ የሚያድነው ግን የመደቡን ቀሪ ተክሎችና የቀጣይ ወቅቶችን ምርት ነው።