እኩይ ገጸ ባሕርይ በልብ ወለድ ውስጥ

በተረት ውስጥ ጅብ ምንጊዜም ሆዳም ነው። ለምን ሆዳም ሆነ ብሎ ተራኪውን የሚጠይቅ አድማጭ የለም። ለተረት ይህ ይበቃል። ልብ ወለድ ግን ስለ ሰው የሚጻፍ ድርሰት በመሆኑ፣ በውስጡ የሚገባው ክፉ ሰው እንደ ተረቱ ጅብ ከሆነ አንባቢ አያምነውም። ብዙ ጀማሪ ደራስያን እኩይ ገጸ ባሕርይ ሲፈጥሩ ዓይኑን ያቀሉታል፤ ድምፁን ያጎረንኑታል፤ ከዚያም ያለ ምክንያት ደካማውን ሲያስደበድብ ያሳዩናል። እንዲህ ያለው ሰው ያስጠላል እንጂ አያሳስብም። በኑሮ የሚጎዳን ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የቀላ አይደለም፤ የምናከብረው ጎረቤት ወይም የሚወደን ዘመድ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የሚያሳስበው የትኛው ነው? በራሱ ዓይን ሲታይ ትክክለኛ የሆነው ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ የምናገኛቸው ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው።

ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለ ወንጌል አባት ናቸው። ልጃቸውን አይጠሏትም። ነገር ግን በዘር ሐረጋቸው እጅግ ስለሚኮሩ፣ ለጋብቻ የሚጠይቀውን ሁሉ ለዘራቸው አይመጥንም እያሉ ይመልሳሉ። ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጅቱም ያለ ባል ትቆያለች። በኋላ ከአስተማሪዋ ከበዛብህ ጋር ፍቅር ሲይዛት፣ ያው ኩራት ሁለቱንም ለመከራ ይዳርጋቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፊታውራሪ ልጄን እጎዳለሁ ብለው አያስቡም፤ ከአባት ከአያት የተረከቡትን ክብር የሚጠብቁ ይመስላቸዋል። በኖሩበት በጎጃም ባላባቶች ዓለም ውስጥም ይህ የብዙ ሰው ሐሳብ ነበር። እንዲያውም ሥርዓቱን የሚነቅፈው ዘመዳቸው ካሳ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል። አስተዋዩ እብድ፣ አጥፊው የተከበረ! የፊታውራሪ ክፋት የሚያስፈራው ብቻቸውን ስላልሆኑ ነው፤ ከኋላቸው አንድ ሙሉ ሥርዓት ቆሟል። ደራሲው ምክንያታቸውን ስላሳዩን ግን ጥፋታቸው አልቀለለም፤ ይልቁንም ከበደ።

ከባላገሩ ጋር በተነሣው ጠብም ይኸው ይታያል። ፊታውራሪ የጠየቁትን ግብር ባላገሩ አንሰጥም ሲል፣ በሽምግልና ዕድሜያቸው ጦር አስከትለው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው በሚመራው ባላገርም ይማረካሉ። በዚህ ጊዜ የአንባቢው ስሜት ይከፈላል፤ በመሸነፋቸው ደስ ይለዋል፤ ደግሞም ያፍርላቸዋል። አንድ ገጽታ ብቻ ያለው ክፉ ሰው ሲወድቅ ማንም አያፍርለትም።

ይሁንና ምክንያት ሁሉን ነገር ይገልጻል ማለት አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ኢያጎ የተመኘው ሹመት ለካሲዮ በመሰጠቱ ቂም ይይዛል። ሌላም ሌላም ምክንያት ይደረድራል፤ ሁሉም ቢደመር ግን የሠራውን ጥፋት አያህልም። ኦቴሎ ታማኝ ወዳጄ ይለዋል። ኢያጎ ብቻውን ሆኖ ሴራውን ሲናገር የሚሰማው ተመልካቹ ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ሳይወድ የምሥጢሩ ተካፋይ ይሆናል። ይህ ከማንኛውም ቀይ ዓይን ይልቅ ያስጨንቃል። በተውኔቱ መጨረሻ፣ ደዝደሞና ከሞተች በኋላ፣ ኦቴሎ ይህን ሁሉ ለምን እንዳደረገ እንዲጠየቅለት ይሻል። ኢያጎ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቃል እንደማይተነፍስ ተናግሮ ዝም ይላል።