የክረምቱ ጽዳት ለአገዳው ምርት

በወንጂ ስኳር መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በወንጂም ሆነ በመተሐራ ክረምት ሲገባ ማሳው ጭቃ ስለሚሆንና የአገዳው ስኳር ስለሚቀንስ ወፍጮው ይቆማል። ይህ ወቅት ግን የዕረፍት ሳይሆን የጥገና ወቅት ነው።

ከጥገናው ሥራዎች መካከል ጽዳት ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጭማቂው በሚተንባቸው የኢቫፖሬተር ቱቦዎች ውስጥ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ ጠንካራ ዝቃጭ ይጋገራል። ዝቃጩ ሙቀት ስለማያስተላልፍ እንፋሎት ይባክናል፤ ቦይለሩም ባጋስ የተባለውን የአገዳ ገለባ ያለ ልክ ይፈጃል።

ስለዚህ የጽዳቱ ዕቅድ ወፍጮው ከመቆሙ በፊት መዘጋጀት ይኖርበታል። የትኛው ጋን መጀመሪያ እንደሚከፈት፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ኮስቲክ ሶዳውና ብሩሹ በመጋዘን መኖሩ አስቀድሞ ይረጋገጣል። ባልጸዳ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ስለማይታይ ጽዳቱ ከብየዳው ይቀድማል። ቱቦው በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ፣ በውሃ ታጥቦ በብሩሽ ይፋቃል። ሠራተኛ ወደ ጋኑ የሚገባው የእንፋሎቱ ቫልቭ ከተቆለፈ፣ ጋኑ ከቀዘቀዘና ንጹሕ አየር ከገባው በኋላ ብቻ ነው፤ በደጁም ጠባቂ ይቆማል።

ዕቅዱ ቢዛነፍ ጉዳቱ ለገበሬው ይተርፋል። በወንጂ ዙሪያ አገዳ አልምተው ለፋብሪካው የሚያቀርቡ ገበሬዎች አሉ። የተቆረጠ አገዳ ቶሎ ካልተፈጨ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ወፍጮው ከዘገየም የደረሰው አገዳ ማሳ ላይ ይቀራል። ከመስቀል በኋላ ወፍጮው በጊዜው እንዲዞር ዕቅዱ በግንቦት ማለቅ አለበት።