የሚያለቅሰውና የሚያቃስተው ጨቅላ

«ልጁ ማልቀስ ካበዛ እንጥሉ ወርዷል፤ ይቆረጥለት» የሚለው ምክር ዛሬም ከአራስ ቤት አራስ ቤት ይዞራል። መቆም አለበት። ጨቅላን የሚያስለቅሰው እንጥሉ አይደለም፤ ምላጩ ግን ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣል።

ጤነኛ ሕፃን ያለቅሳል። ልቅሶው ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይጨምራል፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል፤ አመሻሹ ላይ ይብሳል። እየጠባ፣ እየሸና፣ ክብደት እየጨመረ የሚያለቅስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ድምፅ ነው፦ ማቃሰት። ጨቅላው አየር ባስወጣ ቁጥር አጭር «እህ» ይላል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ከመነጫነጭ ይቆጥረዋል። ሳንባ ሲታመም ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ተጨማደው ይጣበቃሉ። የተጣበቀን መክፈት ደግሞ ከባድ ነው፤ ጨርሶ የተሟጠጠ ፊኛ ትንሽ አየር ከቀረበት ይልቅ ለመንፋት እንደሚያስቸግረው ማለት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ሲያስተነፍስ ጉሮሮውን በከፊል ይዘጋል፤ ውስጥ የቀረው አየር ከረጢቶቹን ከፍቶ ይይዛቸዋል። የምንሰማው በጠባቡ ቀዳዳ ሾልኮ የሚወጣውን አየር ነው። ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ጉልበቱ ሲያልቅ ማቃሰቱ ይቆማል፣ ያን ጊዜም ቤቱ «ተመስገን፣ ተኛልን» ይላል። ዝምታው ግን ከድምፁ የባሰ ነው።

ስለዚህ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች በጥልቀት ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል? ረጋ ሲል ትንፋሹን ቁጠሩ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይሆንም፤ የጨቅላ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል፣ መልሶ ይቀጥላል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ጉዞ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ስለ ትኩሳት ባለሙያዎችም አንድ ቁጥር አንጠቅስም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪን መነሻ ያደርጋል፤ በሌሎች አገሮች 38 ይባላል። ተደራርቦ የተጠቀለለ ልጅም ሊሞቅ ይችላል። ያም ሆኖ በዚህ ዕድሜ ቤት ውስጥ መድኃኒት ሰጥቶ መጠበቅን አልመክርም። ሰውነቱ ከ35.5 በታች ቢቀዘቅዝም ያው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ሁልጊዜ አያተኩስም።

ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመጥባት ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ በምንም ማባበል የማይቆም ያልተለመደ ልቅሶ ከያዘው እስኪነጋ አትጠብቁ። በመንገድ ላይ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቃችሁ ሸፍኑት፤ መጥባት ከቻለ ይጥባ።