የናታን ታሪክና የዘመናችን ልብ ወለዶች
ዘረኝነት፣ ስደትና የኑሮ ልዩነት በልብ ወለድ ውስጥ እንዴት ይታያሉ?

“ልብ ወለድ ማንበብ ለአማኝ ምን ይጠቅመዋል?” የሚል ጥያቄ በጉባኤም ሆነ በወጣቶች ኅብረት መካከል ሲነሣ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዶች “የፈጠራ ወሬ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው” ይላሉ። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ ያደረገውን እናስታውስ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ናታን በወቀሳ አልጀመረም። ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋና አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በባለጠጋው ላይ በቁጣ ፈረደ። የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ጥሩ ልብ ወለድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ስደትና ስለ ኑሮ ልዩነት ቢሰበክልን “ይህ እኔን አይመለከትም” ብለን ልንሸሽ እንችላለን። ታሪክ ሲነገረን ግን መጀመሪያ እናዝናለን፣ እንፈርዳለን፣ በመጨረሻ ራሳችንን እናገኛለን። ይህን በሦስት መጻሕፍት እንመልከት።

ቍጥሩ ሰው ሲሆን

ሐሪየት ቢቸር ስቶው የአሜሪካዊ ሰባኪ ልጅና የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁር ሚስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1849 ሕፃን ልጇ በኮሌራ ሞተባት። በባርነት ያለች እናት ልጇ ተሸጦ ሲወሰድባት ምን እንደሚሰማት የተረዳችው በዚያ ኀዘን እንደነበረ በኋላ ጽፋለች። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1850፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ያመለጡ ባሪያዎች ባርነት በሌለበት ግዛት ቢገኙም እንኳ ተይዘው እንዲመለሱ፣ የረዳቸውም ሰው እንዲቀጣ ያዝዛል። ስቶው “የአጎት ቶም ጎጆ” የተባለውን ልብ ወለዷን በ1851 በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረች። በ1852 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም በመጀመሪያው ዓመት በአሜሪካ ብቻ ወደ 300,000 ቅጂ ተሸጠ።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ቍጥር አያስለቅስም። ስቶው ኤላይዛ የተባለች አንዲት እናት አመጣች። ልጇ መሸጡን ስትሰማ ሕፃኑን ታቅፋ የኦሃዮን ወንዝ በተሰባበረ በረዶ ላይ እየዘለለች ተሻገረች። በዚያው ምሽት አንድ የምክር ቤት አባል በቤቱ ተቀምጦ አዲሱን ሕግ ለሚስቱ ደግፎ እየተናገረ ነው። በሩ ተከፈተና ኤላይዛ በብርድ ደንዝዛ ገባች። ሰውየው ሕጉን የደገፈው “ባሪያ” የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ አይቶ ነበር፤ አሁን ግን ፊት ለፊቱ ያለችው እናት ናት። እርሱና ሚስቱ ልጅ ሞቶባቸው ነበርና የሟቹን ልብስ ለኤላይዛ ልጅ ሰጡ። ሰውየውም ራሱ በሌሊት ሠረገላ አዘጋጅቶ አሸሻት።

የልብ ወለድ የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ለጉዳዩ ስምና ፊት ይሰጠዋል።

ከወንጀሉ ጀርባ ያለው ሰንሰለት

ሁለተኛው መጽሐፍ “አልቅሺ፣ የተወደድሽ ሀገር” ይባላል። ደራሲው ደቡብ አፍሪካዊው አለን ፔተን ነው። ፔተን ከ1935 እስከ 1948 በጆሐንስበርግ አቅራቢያ ጥፋት የሠሩ ጥቁር ልጆች የሚታረሙበትን ተቋም ያስተዳድር ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1948 ነው። አፓርታይድን የመንግሥት ፖሊሲ ያደረገው ፓርቲ ሥልጣን የያዘውም በዚያው ዓመት ነው።

ታሪኩ ስቲፈን ኩማሎ ስለሚባል አረጋዊ የገጠር ቄስ ነው። የጠፉበትን እኅቱንና ልጁን አቤሴሎምን ፍለጋ ወደ ጆሐንስበርግ ይሄዳል። ልጁን ሲያገኘው እስር ቤት ነው። ሊሰርቅ በገባበት ቤት አንድ ነጭ ገድሏል። የሟቹ ነገር ደግሞ ልብ ይሰብራል፤ ለጥቁሮች ፍትሕ ሲከራከር የኖረ ሰው ነበር። አባቱ ደግሞ የኩማሎ መንደር ጎረቤት የሆነ ባለ እርሻ ነው።

ፔተን ግድያውን አያድበሰብስም፤ ኀጢአትን ኀጢአት ይለዋል። ነገር ግን በዚያ አያቆምም። ልጁ ለምን ከመንደሩ ወጣ? መሬቱ ስለተሸረሸረ። መሬቱ ለምን ተሸረሸረ? ሰው በጠባብ ቦታ ስለተጨናነቀ። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ከሕዝቡ አብዛኛውን ቍጥር ለያዙት ጥቁሮች የተወላቸው ከአገሪቱ መሬት 7 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በ1936 የወጣው ሕግም ድርሻውን ከ13 ከመቶ ብዙ አላሳለፈውም። ወንዶቹ ወደ ወርቅ ማውጫ ሄዱ፤ ሚስትና ልጆች በመንደር ቀሩ፤ ቤተሰብ ፈረሰ። አንባቢው “ይህ ልጅ ክፉ ነው” ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል፣ ከልጁ ጀርባ የተጎተተውን ረጅም ሰንሰለት ያያል።

ከዚያም ሁለቱ አባቶች ይገናኛሉ። የሟቹ አባት የልጁን የጽሕፈት ክፍል ገብቶ ያልታተሙ ጽሑፎቹን ያነባል። በጎረቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች እስከዚያ ቀን አይቷቸው እንደማያውቅ ይገባዋል። በኋላም ለመንደሩ ሕፃናት ወተት ይልካል፤ ለገበሬዎቹም አስተማሪ ያመጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለምእመናን የሚከብድ ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ ይህ የዘር መለያየት ሲጸና አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ደግፈውታል። እ.ኤ.አ. በ1857 የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአንዳንዶች “ድካም” ምክንያት ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው እንዲያመልኩ ፈቀደ። ለጊዜው የተባለው መለያየት ሥርዓት ሆኖ ቀረ። የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን በመደገፍ የሚሰጠውን ትምህርት ኑፋቄ ነው ብሎ ያወገዘው በ1982 ነበር። በመካከሉ 125 ዓመታት አለፉ።

ስደተኛው በሱቁ ውስጥ

ሦስተኛው መጽሐፍ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ደራሲ ነው። በ2007 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ሰማይ የሚሸከማቸው ውብ ነገሮች” እንደ ማለት ነው።

ባለታሪኩ ሰፋ እስጢፋኖስ በአብዮቱ ዘመን አባቱን አጥቶ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎገን ሰርክል በሚባለው ሰፈር አነስተኛ ሱቅ አለው። ሁለት ጓደኞች አሉት፤ አንዱ ኬንያዊ፣ ሌላው ኮንጎአዊ ናቸው። ማታ ማታ ሲገናኙ እንግዳ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ይናገራሉ። ይስቃሉ፤ የሚስቁት ግን ባፈረሳቸው ነገር ነው።

ከዚያ አንዲት ነጭ መምህርት ከክልስ ልጇ ጋር ወደ ሰፈሩ ትመጣለች። የፈረሰውን ትልቅ ቤት ገዝታ ታድሰዋለች። ሰፋ ከትንሿ ልጅ ጋር መጽሐፍ እያነበበ ይወዳጃል። ሰፈሩ ሲያምር ግን ኪራይ ይወደዳል፤ ድሆች ጥቁር ነዋሪዎች ይፈናቀላሉ፤ ቁጣው ወደ ሴትየዋ ቤት ይዞራል። ሰፋ በመካከል ቆሟል። በቆዳው ከተፈናቃዮቹ ጋር ነው፤ በታሪኩ ግን ከእነርሱ አይደለም። ለሴትየዋም ቀርቧል፤ ነገር ግን በመካከላቸው የገንዘብና የትምህርት ገደል አለ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገር የምትኖሩ ወገኖች ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። ዘመድ አገር ቤት ሆኖ “ደልቶታል” ይላል። ስደተኛው ደግሞ ያላለቀ ነገር በልቡ ይዞ የሱቁን በር ይከፍታል። የስደት ችግር ሥራና ወረቀት ማጣት ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት አገር መካከል ሆኖ የትም አለመሆን ጭምር እንደሆነ ዲናው ያሳየናል።

ሐዘኔታ ፍትሕ አይደለም

ይሁን እንጂ ልብ ወለድ ሁሉ ፍጹም አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን በልጅነቱ በሃርለም ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ጽሑፍ የስቶውን መጽሐፍ በብርቱ ተችቷል። በእርሱ አመለካከት መጽሐፉ ስሜት ይነካል፣ ጥቁሩን ግን ሙሉ ሰው አድርጎ አያሳየውም። ዛሬ በአሜሪካ ጥቁር ሰውን “አጎት ቶም” ማለት ስድብ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቶም ግን ሁለት የሸሹ ሴቶችን አሳልፌ አልሰጥም በማለቱ ተደብድቦ የሞተ ሰው ነው።

ይህ ትችት ጥሩ ጥያቄ ያስተምረናል። ታሪኩን የሚናገረው ማነው? የተበደለው ራሱ ይናገራል ወይስ ሌላው ያዝንለታል? ማልቀስ ቀላል ነው፤ አልቅሶ ወደ ቀድሞ ኑሮ መመለስም ቀላል ነው። ስለዚህ ስታነቡ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ፦

1. በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም የሌለው ማነው? ደራሲው ራሱ የዘለለው ሰው ሊኖር ይችላልና።

2. ከበደሉ የሚጠቀመው ማነው? ክፉ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን፣ ዝም ብለው የተመቻቸውንም ተመልከቱ።

3. እኔ ማንን እመስላለሁ? ብዙዎቻችን ፈጥነን ራሳችንን ከተበደለው ጋር እናስቀምጣለን። ዳዊትም ባለጠጋው እርሱ መሆኑን አላወቀም ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ቤታችን ያደርሰናል። የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ያነበበ ሁሉ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ተቆጥቷል፤ ለድሃው ለበዛብህም አዝኗል። ነገር ግን ለልጃችን ትዳር ሲመጣ “ዘሩ ከየት ነው?” ብለን የምንጠይቅ ስንቶች ነን? ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን “እጀ ሥራ” እያሉ የማራቅ ልማድ በአገራችን ለዘመናት ኖሯል። በቤታችን የምትሠራው ልጅስ? እሑድ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣ ታመልካለች ወይስ ምሳ ልትሠራ ቤት ቀርታለች?

በኤላይዛ ታሪክ ውስጥ ያለው የምክር ቤት አባል ሐሳቡን የለወጠው መከራከሪያ ተሸንፎ አልነበረም፤ በሩ ተከፍቶ ሰው ስለገባበት ነው። መጽሐፍም እንደዚያ በር ሊሆንልን ይችላል። አንብበን ስንጨርስ ግን ሰውየው እንዳደረገው ከወንበራችን መነሣት የእኛ ድርሻ ነው።