ቦሎቄው ሳይበስል ቲማቲም አይግባ

አትክልት፣ ቦሎቄና ፓስታ ተደባልቀው የሚሠሩበት ሚኔስትሮኔ የተባለው የጣሊያኖች ሾርባ አንድ ቁርጥ ያለ አሠራር የለውም። ጄኖቫዎች በሶብላ መሳይ ቅጠላቸውን፣ ባሲሊኮን፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአይብና ከወይራ ዘይት ጋር ወቅጠው መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጉበታል። ሚላኖች በፓስታው ፋንታ ሩዝ ይጨምራሉ፤ ቶስካናዎች ያደረውን ከደረቀ ዳቦ ጋር መልሰው ያፈሉታል። ፔሌግሪኖ አርቱዚም እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ዝነኛ የምግብ መጽሐፍ፣ አንባቢ እንደየአገሩ ጣዕምና እንደሚያገኘው አትክልት ቢለዋውጠው ነፃ መሆኑን ጽፏል። ይህ ነፃነት ግን የሚሠራው ለአትክልቱ ዓይነት እንጂ ለአገባቡ ተራ አይደለም። ውሃ ውሃ የሚል ሾርባ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የሥጋ አለመኖር ነው፤ ጥፋቱ ግን በአመዛኙ የቅደም ተከተል ነው።

ቦሎቄን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር በሙቀት ይሟሟል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኘው ግን አልፈታ ይላል። ቲማቲም ደግሞ ኮምጣጣ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቲማቲም ቀድሞ የገባበት ቦሎቄ ከሰዓታት በኋላም ጥርስ ሊፈትን ይችላል። ስለዚህ ቦሎቄው ሲዘፈዘፍ አድሮ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ (ሆድ የሚነፋው ነገር በከፊል አብሮ ይሄዳል)፣ ለብቻው ይቀቀል። በተለይ ቀዩ ጥሬውን መርዛማ ስለሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንተክተክ አለበት፤ ለስ ባለ እሳት ብቻ ማብሰል አደጋ አለው። የተቀቀለበትን ውሃ ግን መድፋት አይገባም፤ የሾርባው ወፍራምነት ያለው እሱ ውስጥ ነው። በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰለሪ በዘይት ቀስ ብለው ይቁላላሉ፤ ድንችና ጥቅል ጎመን ይከተላሉ፤ ከዚያ ቦሎቄው ከነውሃው፣ ቲማቲሙም አሁን ይገባል። ጥቂት ቦሎቄ ፈጭቶ መመለስ መረቁን ያወፍረዋል።

«ሥጋ የሌለው ሾርባ ምን ጉልበት ይሰጣል?» የሚል አይጠፋም። የፓስታው ስንዴ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ቦሎቄ ይሞላል፤ ቦሎቄ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ስንዴው ያካክሳል። ሽሮ በእንጀራም በዚሁ መንገድ ነው የሚያጠግበው። አይብ ካልገባበት ለጾምም ይሆናል። ጊዜ ይፈጃል የሚለው ወቀሳ ግን እውነት ነው፤ የቆርቆሮ ቦሎቄ ወይም ፕሬዠር ድስት ያቃልለዋል፣ ተራውን ግን አይለውጠውም።

የሚያከራክረው ፓስታው ነው። አብሮ ቢበስል ስታርቹ መረቁን ያወፍራል፤ ለዚያው ማዕድ የሚያልቅ ከሆነ ይህ ይሻላል፣ ሾርባው ሊወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይጨመር። ለነገ የሚተርፍ ከሆነ ግን ሌሊቱን መረቁን ጠጥቶ ገንፎ ያደርገዋል። ያኔ ለብቻው ቀቅሎ ሲቀርብ በየሳህኑ ማድረግ፣ ለጎደለው ስታርች ደግሞ የተፈጨውን ቦሎቄ በርከት ማድረግ ነው።