ስለ ልብ ደም ቧንቧ ሕመም ተደራቢ መድኃኒቶች

የልቡ ደም ቧንቧ ጠብቦበት፣ ነገር ግን ሕመሙ ረግቶለት በየዕለት ተግባሩ ለሚመላለስ ሕሙም ጥበበ ሕክምና አስቀድሞ የሚያዝለት አስፕሪንና ስታቲንን፣ ለደረቱም ውጋት የልብን ትርታ የሚያረጋጉትንና ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን ነው፤ ይህም ሳይጸና ሌላ መደረብ ከንቱ ድካም ነው።

ከተደራቢዎቹ አንዳንዶቹ ሥቃይን ያስታግሣሉ እንጂ ዕድሜን ለማርዘማቸው ማስረጃ የለም። ራኖላዚን ውጋቱን ይቀንሳል፤ የልብን ትርታ የሚያዘገየው ኢቫብራዲን ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ19,000 በሚበልጡ ሕሙማን ተፈትኖ ሞትንም ሆነ ድንገተኛውን የልብ ሕመም አልቀነሰም። ሕሙሙ ይህን ልዩነት ከሐኪሙ አንደበት ሊሰማ ይገባዋል።

ስታቲን ብቻውን የደሙን ኮሌስትሮል ላላወረደለት ሰው፣ ከአንጀት የሚገባውን የሚያግደው ኢዜቲማይብ ይጨመርለታል። ይህም ካልበቃ በመርፌ የሚሰጠው ኢቮሎኩማብ አለ፤ ኃይሉ ታላቅ ቢሆንም ዋጋው ከብዙ ድኃ አቅም በላይ መሆኑ ያሳዝናል።

የደምን መርጋት የሚከለክለው ሪቫሮክሳባን በቀን ሁለት ጊዜ 2.5 ሚሊግራም ከአስፕሪን ጋር ሲሰጥ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ኮምፓስ በተባለው ጥናት፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት፣ ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኛቸው ከመቶ 5.4 የነበሩት ወደ 4.1 ሲወርዱ፣ ብርቱ የደም መፍሰስ የደረሰባቸው ግን ከ1.9 ወደ 3.1 ከፍ ብለዋል። ስለዚህ የእግሩም ደም ቧንቧ ለጠበበበት፣ መድማት ግን ለማያሰጋው ሰው እንጂ ለሁሉ አይታዘዝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ በአውሮፓ ከሚበቅል አበባማ ተክል የሚገኘውና ለሪህ ሕመም ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ርካሹ ኮልቺሲን ነው። ስብ በቧንቧው ግድግዳ ሲከማች ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ሥፍራውን ያስቆጡታልና፣ ይህ መድኃኒት ያንን መቆጣት ያበርዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያና በኔዘርላንድ 5,522 ሕመማቸው የረጋ ሰዎች ተመርምረው፣ በቀን 0.5 ሚሊግራም ከወሰዱት ከመቶ 6.8፣ ካልወሰዱት 9.6 ያህሉ በልብና በደም ሥር ሕመም ሞት፣ ስትሮክ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ቧንቧ የማስከፈት ግድ ደርሶባቸዋል። ይሁን እንጂ ድንገተኛው ሕመም ገና በያዛቸው ላይ የተደረገውና በ2024 እ.ኤ.አ. የተነገረው ሰፊ ጥናት ጥቅም ስላላገኘለት፣ ሊቃውንቱ ክርክራቸውን አልፈጸሙም። ኩላሊቱ በጽኑ የደከመ ሰው ሊወስደው አይገባም፤ ለሳል ወይም ለጨጓራ ክላሪትሮማይሲን የታዘዘለትም ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ኮልቺሲን በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዝ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለመድኃኒት ቀማሚው ይንገር።