የተሰበረ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና መቼ ያስፈልገዋል?

የታችኛው መንጋጋ ከፊት አጥንቶች መካከል ብቸኛው ተንቀሳቃሽ አጥንት ነው። የምንናገረውም፣ የምናላምጠውም በእርሱ ነው። ወደ ፊት ወጣ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ ግን በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ፣ በዱላ ምት ወይም በበቅሎና በፈረስ ርግጫ በቀላሉ ይጎዳል። አደጋው በደረሰ ጊዜ ቤተሰብ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሲናገር ይሰማል። አንዱ «ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ አለቀለት» ይላል፤ ሌላው «እብጠቱ ይጉደልና እናያለን» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ስላላቸው፣ በዚህ ጽሑፍ ደቂቃ የማይሰጠውን፣ ጥቂት ቀን ሊቆይ የሚችለውንና ሳምንታት ሊያልፉበት የማይገባውን ለይተን እናስረዳለን።

አስቀድሞ ስብራቱን የሚያመለክቱ ምልክቶችን ማወቅ ይገባል። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ እንደ ቀድሞው አልገጥም ካለ፣ አፍ ለመክፈት ካስቸገረ፣ የታችኛው ከንፈርና አገጭ ከደነዘዘ፣ ከምላስ ሥር ደም ከቋጠረ፣ መንጋጋው ሳይሰበር አልቀረም። መንጋጋ እንደ ቀለበት የተጠጋጋ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በሁለት ቦታ ነው። አገጩን የተመታ ሰው ከጆሮው ፊት ባለው መጋጠሚያ አጠገብም ተሰብሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ስብራት ያገኘ ባለሙያ ሌላውንም በራጅ ይፈልጋል።

ደቂቃ የማይሰጠው የትንፋሽ ጉዳይ ነው። መንጋጋው ከፊት ግራና ቀኝ ሲሰበር ምላስን የሚደግፈው አጥንት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ምላስ ጉሮሮን ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ተጎጂ በጀርባው ማስተኛት አደገኛ ነው። ራሱን የሚያውቅና አንገቱ ያልተጎዳ ከሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀመጥ፤ ደሙም ወደ ውጭ ይፍሰስ። አፉን በሻሽ ጠፍሮ ማሰር፣ ውኃም ሆነ ምግብ መስጠት አይገባም። የሚያፍን ወይም ደሙ አልቆም ያለ ሰው ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ትንፋሹ የተረጋጋ ሰው ግን ቀዶ ሕክምናውን በዚያው ሌሊት ማግኘት ግድ አይሆንበትም። ቀደም ባለው ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያለፈው ስብራት ይመረቅዛል ብለው ይሰጉ ነበር። ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጥርስ ባለበት ክፍል የተሰበረ መንጋጋ ቆዳው ሳይቀደድ እንኳ በድድ በኩል ከአፍ ጋር ስለሚገናኝ በጀርም ይበከላል። ይሁን እንጂ ቶሎ የታከሙትንና ቀናት የቆዩትን ያነጻጸሩ በርካታ ጥናቶች፣ የጥቂት ቀን መዘግየት ብቻውን ምርቀዛን እንደሚያበዛ በግልጽ አላሳዩም። የስብራቱ ክብደት፣ በስብራቱ መስመር ላይ ያለ የበሰበሰ ጥርስ፣ የአፍ ንጽሕና ጉድለት፣ ሲጋራና አልኮል የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ከዚህ የምንረዳው መጠበቅ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ አለመሆኑን ነው። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የሚጀመሩ ነገሮች አሉ፤ ሐኪም የሚያዘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ለብ ባለ ጨው ውኃ አፍን መጉመጥመጥ። የሠለጠነ ባለሙያ ካለም ጥርሶቹን በሽቦ ለጊዜው ያስራል፤ የተሰበሩት ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ማድረጉ ሕመምንም ምርቀዛንም ይቀንሳል። እነዚህ ከተሟሉ የጭንቅላት ጉዳት እስኪረጋጋ ወይም እብጠት እስኪጎድል ቀናት መጠበቅ ይቻላል።

ድንበሩ በግምት ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አጥንት በስብራቱ መካከል መጠንከር ስለሚጀምር፣ ክፍሎቹን ወደ ቦታቸው መመለስ እያደር ይከብዳል። ጠማማ ሆኖ የገጠመ መንጋጋ ማላመጥን ያውካል፤ ለማቅናትም አጥንቱን እንደገና መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ሕፃናት ቶሎ ስለሚድኑ ለእነርሱ ጊዜው ከዚህም ያጠረ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ መታየት ይኖርባቸዋል። ወድቆ አገጩ የተሰነጠቀ ሕፃን ቁስሉ ተሰፍቶ ብቻ አይሸኝ። በጆሮው ፊት ያለው መጋጠሚያ ተጎድቶ ሳይታወቅ ከቀረ፣ አጥንቶቹ ተጣብቀው አፉ አልከፈት ሊልና የመንጋጋው እድገት ሊገታ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ክትትልና በጊዜ የተጀመረ አፍ የመክፈት ልምምድ ነው።

ሕክምናው ረጅም ታሪክ አለው። በጥንታዊው የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት መጻሕፍት በስብራቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች በወርቅ ሽቦ ወይም በተልባ እግር ክር ማሰርን ያስተምራሉ። ዛሬም የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በሽቦ አጋጥሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት አንዱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፈረንሳይ ሐኪሞች ዘንድ የዳበረው ሌላው መንገድ አጥንቱን በትንንሽ ብረትና ብሎን ማያያዝ ሲሆን፣ ታካሚው አፉን ቶሎ እንዲያንቀሳቅስ ይረዳል። አፉ በሽቦ የታሰረ ሰው ድንገት ቢያስመልሰው እንዳይታፈን፣ ሽቦ መቁረጫ ከአጠገቡ አይለየው።

በገጠር ብዙዎች አስቀድመው ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። የተሰበረን መንጋጋ ማሸትና መጎተት ግን ስብራቱን ያሰፋል፤ የጥርሱ መግጠምም በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይረጋገጥም። ወደ ጠበል ለሚሄዱም ጸሎቱና ሕክምናው የሚጣሉ አይደሉም፤ ትንፋሹ የሚቆራረጠውንና መዋጥ የተሳነውን ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በማገገሚያው ወራት አጥሚት፣ ሾርባና ወተት ያስፈልጋሉ። በጾም ወቅት ከሆነ የሱፍ ውኃ፣ የተልባ ውኃና የአጃ አጥሚት ይጠቅማሉ፤ አካሉ ለደከመ ግን ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰውም «ከእንግዲህ ምን ይሆናል» ብሎ እቤቱ አይቅር። ሕክምናው ይከብዳል እንጂ በሩ አልተዘጋም። ዛሬ ለተጎዳ ሰው ግን የቀዶ ሕክምናው ቀን እስኪቆረጥ ሳይጠበቅ፣ ትንፋሹን መጠበቅና መድኃኒቱን መጀመር በዛሬው ዕለት ሊፈጸም ይገባል።